ሳስኬን «ጓደኛ» የምትሉ ሰዎች

ስለ ጃፓኑ የኒንጃ ካርቱን ናሩቶ ሲወራ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የናሩቶንና የሳስኬን ነገር አንስቶ «ጓደኝነት ማለት እንዲህ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የምን ጓደኝነት? ሳስኬ መንደሩን ጥሎ የመንደሩ ጠላት ኦሮቺማሩ ጋ የሄደው ቤተሰባቸውን የፈጀውን ወንድሙን የሚገድልበት ጉልበት ፍለጋ ነው። ሊመልሱት ናሩቶን ጨምሮ 5 ልጆች ወጡ። ከእነሱ ውስጥ ቾጂና ኔጂ ከሞት የተረፉት ለጥቂት ነው። እሱ ምን ገዶት! ጭራሽ የናሩቶን ደረት ቺዶሪ በሚባለው የመብረቅ ምቱ በሳው።

እሺ፣ ቤተሰቡ አልቆበታል፣ ሐዘኑ ይገባኛል። ናሩቶስ ወላጅ አልባ አይደል? ያውም መንደሩ ፊቱን አዙሮበት ያደገ ልጅ። ያ ምስኪን ሳስኬን እንዳይገድሉት ብሎ የሌላ መንደር መሪ በሆነው በራይካጌ ፊት በረዶ ላይ ተንበርክኮ ይለምናል። በዚያው ሰሞን ሳስኬ ሆዬ የቡድን ጓደኛቸውን ሳኩራን ከጀርባዋ ሊገድላት ይሞክራል። አስተማሪያቸው ካካሺ ባይደርስ አልቆላት ነበር።

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ግን መጨረሻው ነው። ናሩቶና ሳስኬ ይደባደባሉ፣ ሁለቱም አንዳንድ እጃቸውን ያጣሉ፣ በቃ ታረቁ! ሳስኬ ከእስርም ተፈታ። ከዚያስ? ዓለምን ልዙር ብሎ ውልቅ። ሳኩራን ይቅርታ ጠይቋል፣ አልካድኩም። እሱን ልመልስ ብሎ ሊሞት የነበረው ቾጂስ?