ማስተካከያ፦ «7604» የሚል ቁጥር ያለባት ክብ ሳንቲም አይደለችም

ከርካሽ የውጭ አገር ሳንቲሞች መካከል የተገኘችውን ነሐስ መሳይ ክብ፣ በቀደመው ጽሑፋችን «በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራች ሳንቲም» ብለናት ነበር። ተሳስተናል። የጣሊያን የሕዝብ ስልክ ቶክን ናት፤ ማለትም ለመደወል በገንዘብ ፈንታ ስልኩ ውስጥ የምትገባ ክብ ናት። በላይዋም በጣሊያንኛ «ጌቶኔ ቴሌፎኒኮ» (የስልክ ቶክን) ተብሎ ተጽፎባታል።

ማስተካከያው የተመሠረተው በሰብሳቢዎች ካታሎግና በራሷ በቶክኗ ላይ ነው። 7604 መለያ ቁጥር ሳይሆን የተሠራችበት ጊዜ ነው፦ 76 ዓመቱ፣ 04 ወሩ፤ ማለትም ሚያዝያ 1976 እ.ኤ.አ.። ወረራው ካበቃ 35 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር! ስፋቷ 24 ሚሊሜትር ነው። ዋናው መለያ ግን ቦዮቹ ናቸው፤ በአንዱ ገጽ አንድ፣ በሌላው ሁለት። የስልኩ ማስገቢያ ተራ ሳንቲምን ከቶክን የሚለየው በእነዚህ ነበር። የንጉሥ ምስልም ሆነ የዋጋ ቁጥር የለባትም፤ ይህን ያኔውኑ ልናስተውል ይገባን ነበር። ዋጋ ያልተጻፈባት ታሪፉ ስለሚለዋወጥ ነበር፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. 50 ሊሬ (የያኔው የጣሊያን ገንዘብ)፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. ወዲህ 200 ሊሬ ነበረች። የሳንቲም እጥረት ሲያጋጥም በገበያም እንደ መልስ ትሰጥ ነበር።

በኛ ጽሑፍ ተመርታችሁ በወረራው ዘመን ክፍል ያስቀመጣችኋት ካላችሁ ወደ ቶክኖች አዛውሯት። በብዛት ስለተሠራች ዋጋዋ ዝቅተኛ ነው፤ «የወረራ ሳንቲም» ተብላ በውድ ብትቀርብላችሁ አትግዙ።