ማስተካከያ፦ አሜሪካ በባቡር ሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው ስለሚከፈለው ካሳ

ልጃቸው አሜሪካ በባቡር ድርጅት የሚሠራ አንድ የጎንደር አዘዞ አባት ጠይቀውኝ ባለፈው ሳምንት የጻፍኩት ስህተት ነበረበት። «ሥራ ላይ መጎዳቱ ብቻ ይበቃል፤ የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አያስፈልግም» ብዬ ነበር። ይህ ለእኛ አገር ሠራተኛ በመሠረቱ ልክ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ባያጠፋም ተጠያቂ ያደርገዋል። እዚያ ላሉ የባቡር ሠራተኞች ግን አይሠራም።

ትክክለኛው በአሜሪካው የባቡር ሠራተኞች ሕግ ጽሑፍ ውስጥ አለ። በፈረንጆቹ 1908 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ተጎጂው የድርጅቱ ቸልተኝነት ለጉዳቱ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት አለበት። የድርጅቱ ጥፋት ትንሽም ብትሆን ትበቃለች። ሠራተኛው ራሱ ካጠፋ ካሳው በጥፋቱ ልክ ይቀነሳል እንጂ አይቀርበትም። ድርጅቱ የደህንነት ሕግ ጥሶ ጉዳቱ ከደረሰ ደግሞ አይቀነስም። ክሱ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እኔን አምኖ ማስረጃ ሳይሰበስብ የተቀመጠ ሰው መብቱ ሊያመልጠው ይችላል። የቦታውንና የተበላሸውን መሣሪያ ፎቶ፣ ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ፣ የሐኪም ወረቀቱን ዛሬውኑ ይያዝ። ጠበቃ ሳያይለትም ምንም ነገር አይፈርም።

ለአባትየው ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። የቀደመውን ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አድርሱልኝ።