የቴቺማን ንግሥቶችና የእኛ የጉልት ሴቶች

ኑሮዬን ጋና ካደረግሁ ወዲህ ደጋግሜ የምሄድባት ከተማ ቴቺማን ናት። ከኩማሲ ወደ ሰሜን ሲነዳ ጫካው እየሳሳ፣ ሣሩ እየበዛ ይመጣል። ቴቺማን የተቆረቆረችው ደኑ አልቆ ሳቫናው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ከደቡብ ፕላንቴን የሚባለው በስሎ የሚበላ ሙዝና ካሳቫ፣ ከሰሜን ሽንኩርትና ከብት ይመጣል። የኩማሲ፣ የታማሌ፣ የሱንያኒና የዌንቺ መንገዶች እዚያ ይገናኛሉ። ነጋዴው ከቡርኪና ፋሶ፣ ከማሊና ከኒጀር ሳይቀር ይጎርፋል።

ባቲን የሚያውቅ ሰው ይሄ አይገርመውም። የወሎ ደገኛና አፋሩ ሰኞ ሰኞ ባቲ የሚገናኙት አንዱ ጋ ያለው ሌላው ጋ ስለሌለ ነው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ቴቺማን ገበያ ውስጥ እያንዳንዱ ምርት የራሱ ንግሥት አለው። ያም (በእኛ አገር በደቡብና በጅማ በኩል ቦዬ የምንለው ስራስር) ንግሥት አለው፣ የቲማቲም ንግሥት አለች፣ የበቆሎም እንዲሁ። ኦሄማ ይሏታል። በዚያው ንግድ ውስጥ የኖረች፣ ነጋዴዎቹ የሚያከብሯት ሴት ናት። የቴቺማን አካባቢ ሰዎች፣ ቦኖዎች፣ ከአካን ሕዝብ ወገን ናቸው። ዘር የሚቆጥሩት በእናት በኩል ነው፤ የባህል አለቃውን የምታጨውም «ንግሥት እናት» የሚሏት የሕዝቡ ሴት መሪ ናት። ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትፈርድ ማየት ለእነሱ ብርቅ አይደለም።

አንድ ሐሙስ ያም ተራ ቆሜ ነበር። የአንድ መኪና ጭነት ሲራገፍ ከሥር ያለው በስብሶ ተገኘ። ገዢዋ ጮኸች። ገበሬው ሲጫን ደህና ነበር ብሎ ማለ። ጉዳዩ ወደ ንግሥቲቱ ሄደ። ዳስ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ የበሰበሰውን በእጇ እያገላበጠች ለየችና ዋጋው በዚያው ልክ እንዲቀነስ ወሰነች። ፖሊስ አልተጠራም፤ ደላላም መሀል አልገባም። ገበሬው እያጉረመረመም ቢሆን ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነው ማለቴ አይደለም። የቲማቲም ገበሬዎች በንግሥቶቹ ላይ አጥብቀው ያማርራሉ። ወደ ገበያ የሚገባውን መጠን እየወሰኑ የእኛን ዋጋ ይጥሉታል ይላሉ። በበጋ ደግሞ ነጋዴዎቹ ቡርኪና ፋሶ ድረስ ሄደው ቲማቲም ያመጣሉ። ገበሬው እውነት አለው፤ ሥልጣን ያለበት ቦታ ሁሉ መጠየቅም ሊኖር ይገባል። ግን የሚጠየቀው ሰው ይታወቃል። ቅሬታ ያለው ሰው የት ሄዶ ማንን እንደሚያናግር አይጠፋውም።

አገር ቤት ስገባ ይሄ ያንገበግበኛል። ጉልት ላይ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ ደርድራ የምትሸጥልን ሴት ናት። ፀሐዩም ዝናቡም እሷ ላይ ነው። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራዋን ጠቅልላ የምትሮጠውም እሷ ናት። ወደ ጅምላው ሲኬድ ግን ቦታው የወንዶችና የደላሎች ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ቆይቶ ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ለችርቻሮ ሴቷ ይሄ ማለት ሌላ የታክሲ ሂሳብ፣ ሌላ የሌሊት ጉዞ ነው። ከዝውውሩ በፊት እሷን ወክሎ የተናገረ ሰው ስለመኖሩ ግን አልሰማሁም።

ሴቶቻችን መደራጀት አያንሳቸውም። እቁብ አላቸው፣ እድር አላቸው፣ ሰብሳቢያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ሂሳቡም ሳንቲም አይጎድልም። የቴቺማን ንግሥቶችም ቢሆኑ ከአስታራቂነቱ ሌላ አባል ሲሞትባቸው ተሰብስበው ለቅሶ ይደርሳሉ፤ የገበያ ጉዳይ ሲነሳ ከአስተዳደሩ ጋር ቁጭ ብለው የሚነጋገሩትም እነሱ ናቸው። የእኛዋ የእድር ዳኛ ስለ ገበያ ቦታ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ የማትጠራበት ምክንያት አይታየኝም። አንድ ወረዳ እንኳ ቢጀምረው ደስ ይለኛል።