አሳ ለቃቂዎቻችን ይመስገኑ

ጅማ የሚያኮራት ነገር አታጣም። ቡናው አለ፣ ማሩ አለ፣ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። አሁን ደግሞ አንድ ይጨመርልን፦ አሳ ይዞ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚለቅ ደግ ወጣት።

እነዚህ ደጎች ቅዳሜና እሁድ ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳሉ። ግድቡ 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ በ1996 ዓ.ም. ተመረቀ። ዛሬ የፕሮፋይል ፎቶም ያመነጫል። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል ነበር። የእኛ ዘመን አሳ ጎርጓሪ ላይክ ያወጣል።

ይዞ ጠብሶ የሚበላማ ሆዳም ነው። የእኛዎቹ አይበሉም። “ተፈጥሮን እንጠብቅ” ብለው ይጽፋሉ፣ ሁለት ልብ ያደርጉበታል፣ ይለቃሉ። አለቀቅ ላይ ደግሞ ጥበባቸው ልዩ ነው።

አሳ መቼም ያሙለጨልጫል። ሲፈጠር የተረሳ ነገር ሳይኖር አይቀርም። ልጆቻችን ያርሙታል። በደረቅ እጅ ጨበጥ፣ በሹራብ ወልወል፣ ካስፈለገም አሸዋ ላይ ገልበጥ ገልበጥ። ያ ዝልግልግ ሽፋን ከቁስልና ከበሽታ ይጠብቀዋል፣ እጃችሁን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ንከሩ የሚሉ አሉ። ይበሉ። እጅ ከረጠበ ስልክ በምን ይነካል?

ሰዓት መምረጥም ያውቃሉ። የሚሄዱት እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ነው። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሲታገል የቆየ አሳም ቶሎ አያገግምም። ብርሃኑ ግን ምን የመሰለ ነው!

ከዚያ ፎቶው ይመጣል። አሳን ከ10 ሰከንድ በላይ ከውሃ አታውጡ፣ ካሜራው ሳይዘጋጅ አታንሱት የሚል ምክር አለ። ምን ዓይነት ጥድፊያ ነው? አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያነሳል። “ቆይ ድገመው፣ ዓይንህን ጨፍነሃል።” ይደገማል። ቀጥሎ ሌላው ተራውን ይይዛል፣ ቀጥሎ የአጎቱ ልጅ። አሳው እንደ ቡና ሲኒ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሳይቀር። “አይታፈንም እንዴ?” ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ መልስ አላቸው፦ አምባዛ ከውሃ ወጥቶ ይቆያል። እውነት ነው፣ አምባዛ ከአየር ላይ መተንፈስ ይችላል። በእጃቸው ያለው ግን ቆሮሶ ነው። አሳ አሳ ነው፣ አናካብድ።

አያያዙም ቢሆን ይደነቃል። ሆዱን በእጅ ደግፎ አግድም መያዝ ለሰነፍ ነው። የእኛ ጀግና ጣቱን መተንፈሻው ውስጥ ሰክቶ ቁልቁል ያንጠለጥለዋል። ቀጥሎ ክንዱን ወደ ካሜራው ይዘረጋል፤ መዳፍ የምታህለው ቆሮሶ የጉድ አሳ ትሆናለች። መንጠቆው ጠልቆ ከተዋጠ ክሩን ቆርጦ መተው ይሻላል ይላል ፈሪ። እነሱ ንብረት አይጥሉም። ከነአንጀቱ ያወጡታል።

ሳላነሳት የማላልፈው እናት ቆሮሶን ነው። ይቺ እናት እንቁላሏን የምትፈለፍለው አፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም ሲደነግጡ እየሮጡ እዚያው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ሰሞን እምብዛም አትበላም፤ አንዳንዴ ግን መንጠቆ ላይ ትውላለች። ስትያዝ ትጨነቅና በአፏ የያዘችውን ሁሉ ትተፋዋለች። ጫማ ላይ፣ ሣር ላይ፣ ሱሪ ላይ። “ኡፍ፣ አስታወከችብኝ!” ሳቅ በሳቅ። ያ ቪዲዮ ነው ብዙ ሰው የሚያየው። እናት ትለቀቃለች፣ ልጆቿ ሣሩ ላይ ይቀራሉ። ደግነት ለሁሉም አይዳረስም እንግዲህ።

መለቀቁ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። አሳውን ውሃ ውስጥ ቀና አድርጎ ደግፎ፣ በራሱ ጉልበት እስኪዋኝ መጠበቅ ይቻል ነበር። ግን ቪዲዮ አይሆንም። ስለዚህ ከዳር ሆነው “ነፃነት!” ብለው ይወረውሩታል። በስሎ ሞሽን፣ ከነሙዚቃው። ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ሲንሳፈፍ ቪዲዮው አልቋል።

እዚያ መረብ የሚጥሉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ይህን ሁሉ ዳር ተቀምጠው ያያሉ።

“ልጆቼ፣ ካልበላችሁት ለኔ ብትሰጡኝስ?” ይላሉ።

“አባባ፣ እኛ እኮ አሳ አንገድልም!”

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ታንኳቸውን ይገፋሉ። የተንሳፈፈውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ልጆቻችን ይህንንም ቀርጸው ይለጥፉታል፤ ከሥሩ “ጨካኝ ሰው” ብለው።