ሒሳብ አያያዝ ልማር ገብቼ ሚቶኮንድሪያ ያሳድደኛል

ኧረ በሕግ አምላክ! እስቲ ፍረዱኝ።

እዚህ ሜሪላንድ አካውንቲንግ ልማር ኮሌጅ ገባሁ። ለዲግሪው ግን ላብራቶሪ (ላብ) ያለው የሳይንስ ኮርስ ግዴታ ነው ተባልኩ። አራት ክሬዲት። ባዮሎጂና የአካባቢ ሳይንስ የተቀላቀለበትን ወሰድኩ፣ «ለሳይንስ ተማሪ ላልሆኑ» ስለሚል። አገር ቤት አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ሶሻል የመረጥኩት ከባዮሎጂ ልገላገል ብዬ ነበር። ውቅያኖስ ተሻግሮ ተከተለኝ።

መማሩን አልጠላሁም። ያንጨረጨረኝ ያ «ላልሆኑ» የሚሉት ነገር ነው። የሳይንሶቹን ኮርስ ወስደው፣ ማብራሪያውን ቆርጠው፣ ስሞቹን ብቻ አስቀሩልን። ሥጋው እዚያው ተበልቶ አጥንቱ ተላከልን በሉት። ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ፤ የሴል ክፍፍል ደረጃዎች ናቸው አሉ። ኤንኤዲኤች የምትባል ጉድ አለች፤ ሴል ስኳር ሲያቃጥል ስንት እንደምትወጣ ፈተና ላይ ይጠይቃሉ፣ ምን እንደምትሠራ ግን የነገረን የለም። ሽምደዳ ነው። ሽምደዳ ደግሞ አገር ቤት በነፃ ነበር! እዚህ በክሬዲት ተቆጥሮ ይከፈልበታል። የቤት ሥራ የሚገባበት ኮድ ለብቻው ይገዛል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ እሱም አበቃለት።

ላቡማ አይወራ። የሌሊት ሺፍት አድሬ መጥቼ የሽንኩርት ሥር ጫፍ በማይክሮስኮፕ እዪ ተባልኩ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። መጽሐፉ ላይ ሁሉም ነገር ጥርት ያለ ነው፤ እዚህ ግን አብዛኞቹ ሴሎች መከፋፈል እንኳ አልጀመሩም። አናፌዝ ፍለጋ ዓይኔ ሊጠፋ ነበር። ስትገኝ ግን፣ ሐቁን ልናገር፣ ታምራለች። ክሮሞሶሞቹ ግራና ቀኝ እየተጎተቱ ባሉበት ደርቀው ቀርተዋል። ትንሽ ልያት ስል «ቆጥራችሁ ሰንጠረዡን ሙሉ!»

ከሁሉ ያናደደኝ የናይትሮጅን ነገር ነው። ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ተክል ግን እንዳለ አይጠቀምበትም። የሚቀይሩት ባቄላና ሽምብራን የመሳሰሉት ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ቆይ እንጂ! ገበሬዎቻችን ጤፍና ሽምብራ እያፈራረቁ ሲዘሩ ይኼንኑ አይደል እንዴ የሚሠሩት? እጄን አውጥቼ ልጠይቅ ስል ስላይዱ አልፏል።

ቀጥሎ ቼሳፒክ ቤይ መጣ፤ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው የባሕር ወሽመጥ። የስድስት ስቴትና የዲሲ ውኃ ይወርድበታል። ከእርሻና ከግቢ ሣር የታጠበ ማዳበሪያ ይገባና ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ይፈላል። ሲሞት የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ሰመር ላይ ታች ያለው ሸርጣን መተንፈሻ ያጣል። ጣና ላይ እምቦጩን የሚያፋፋውም ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ነገር ነው። ባሕር ዳር ዘመድ ያለው ሁሉ የሚብሰለሰልበትን ጉዳይ ሜሪላንድ ላይ ቁጭ ብዬ ልረዳው ነበር እኮ! ነገ ግቢዬ ሣር ላይ ማዳበሪያ ልርጭ ወይስ ይቅርብኝ ስል የሚጠቅመኝም ይኼ ነው እንጂ ቴሎፌዝ አይደለም።

ስንት ጊዜ ተሰጠው? ግማሽ ክፍለ ጊዜ። የሴል ክፍፍል ግን ሳምንታት በላ። ሚድተርም ላይ ናይትሮጅን አንድ ጥያቄ ሆኖ መጣ፦ «አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚቀየርበት ሂደት ምን ይባላል?» ስም! አሁንም ስም!

አማካሪዬ ጋ ሄጄ ብሶቴን ብዘረግፍ «አይዞሽ፣ ሲ ካመጣሽ ይበቃሻል» አለችኝ። ፋይናሉ ሐሙስ ነው። ኖት ያላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ በተለይ የክሬብስ ዑደትን፣ ያንን ሚቶኮንድሪያ ውስጥ የሚዞረውን።