ቴምብሩን ከፖስታው አትንቀሉት

"የጠላት ቴምብር ምን ያደርግልናል?" የሚሉ ሰዎች አሉ። ቁጭታቸው ይገባኛል። እኔ ግን የወረራ ዘመን ቴምብርና ደብዳቤ ከማንም በፊት መሰብሰብ ያለብን እኛ ነን ባይ ነኝ።

ኢትዮጵያ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የራሷ ቴምብር ነበራት። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ እንደገባ በሀገራችን ስም የራሱን ንጉሥ የቪክቶር አማኑኤልን መልክ ያተመ ቴምብር አወጣ። በ1930 ደግሞ ስማችንም ቀረ። በምትኩ "የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ" ተጻፈበት። ከሁሉ የሚገርመኝ የ1933ቱ ነው። ሂትለርና ሙሶሊኒ ፊት ለፊት ተያይተው፣ "ሁለት ሕዝብ፣ አንድ ጦርነት" ይላል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ጃንሆይ አዲስ አበባ ገብተዋል!

ከዚያ እንግሊዝ መጣ። ኤርትራ ውስጥ ያገለገለው የእንግሊዝ ቴምብር ነው፤ በንጉሥ ጆርጅ ምስል ላይ ግን "ኤም.ኢ.ኤፍ." የሚል ጽሑፍ ታትሞበታል። የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር ማለት ነው። ጽሑፉ መጀመሪያ ካይሮ፣ በኋላ ለንደን ስለታተመ የፊደሎቹና የነጥቦቹ ቅርጽ ይለያያል፤ ሰብሳቢዎች በአጉሊ መነጽር ይለዩታል። በ1940 "ቢ.ኤም.ኤ. ኤርትራ" ተባለ፤ "ቢ.ኤም.ኤ." የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ማለት ነው። በ1942 ወታደራዊ የሚለውን የምታመለክተው "ኤም" ወጥታ "ቢ.ኤ." ብቻ ቀረ። አስተዳደሩ ከጦሩ እጅ ወጥቶ ነበራ። በ1945 መስከረም ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀል ይህም አበቃ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ካታሎግ (የቴምብሮች ዝርዝር መጽሐፍ) ላይ ይገኛል። ያልተነካ ቴምብር የሚያሳየው ወራሪው እንዲታይለት የፈለገውን ብቻ ነው። ልቤን የሚይዘው ግን የተላከው ፖስታ ነው። የጣሊያን ወታደራዊ ፖስታ ቤቶች በቁጥር ነበር የሚጠሩት፤ ጦሩ የት እንዳለ እንዳይታወቅ። ስለዚህ ማኅተሙ ላይ ያለው ቁጥርና ቀን ሲገናዘብ፣ የትኛው ጦር መቼ የት እንደሰፈረ ፍንጭ ይሰጣል። ጠርዙ ተቀዶ በሳንሱር ወረቀት ከታሸገ፣ ደብዳቤውን ሌላ ሰው አንብቦታል ማለት ነው። ከኋላ ያለው የመድረሻ ማኅተም በመንገድ ስንት ቀን እንደፈጀ ይናገራል። ቴምብሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚያላቅቅ ሰው ይህን ሁሉ ይደመስሰዋል። ያሳዝናል፣ ብዙዎቻችን ልጅ ሆነን የተማርነው ይህንኑ ነው።

እንዲህ ያሉ ፖስታዎች አውሮፓ ውስጥ በጨረታ ይሸጣሉ። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የጣሊያን ወይም የእንግሊዝ ታሪክ ብሎ ነው የሚያስቀምጣቸው። የኛም ታሪክ ነው እኮ! ሮም ወይም ለንደን የምትኖሩ፣ የአሮጌ ወረቀት ገበያ ስታዩ ጎራ በሉ። እዚህ ያላችሁም የአያቶቻችሁን ሣጥን ክፈቱ። ደብዳቤ ከተገኘ ፕላስተር አትለጥፉበት፣ እስክሪብቶ አታስነኩት። ደረቅና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሱት፤ ከማን ለማን እንደተጻፈ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ ጠይቁና በሌላ ወረቀት ጻፉት።