እድሜ ለመድኃኒት ቤታችን

እኛ የዳር ሰፈር ሰዎች ምስጋና አናውቅም። ውኃ ጠፋ፣ መንገዱ ኮረኮንች ሆነ፣ ታክሲ የለም እያልን ስናማርር እንውላለን። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ሥር ስለተከፈተው መድኃኒት ቤት ግን አንድ ቀን አመስግነን አናውቅም። ፍርድ ቤቱ፣ የንስሐ አባቱ፣ የአገር ሽማግሌው ሁሉ አንድ ባንኮኒ ላይ! ቀጠሮ የለ፣ የዳኝነት ክፍያ የለ።

ባለሙያውን ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ይላቸዋል። ፋርማሲስት ናቸው፤ ግን አንድም ቀን አርመውን አያውቁም። ትሕትና ነው።

ባለፈው ማታ ወረፋ ይዤ ከፊቴ አንዲት ልጅ ነበረች። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ ለራሷ እንኳን በማይሰማ ድምፅ «ፖስት ፒል አለ?» አለች፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያዋን ማለቷ ነው። ዶክተር ሰምተዋል። ለሕዝብ ጥቅም ሲሉ ግን ጮክ አድርገው ደገሙት፤ «ፖስት ፒል ነው ያልሽው?» ዳይፐር የምትገዛው እናት ዞረች። ጥበቃውም በበሩ ብቅ አለ። «ለማን ነው? አግብተሻል? ባልሽ ያውቃል?» መድኃኒቷ ያለ ሐኪም ማዘዣ የምትሸጥ ናት። ታዲያ ሐኪም ካልጠየቀ አንድ ሰው መጠየቅ የለበትም?

ከምርመራው በኋላ ትምህርቱ መጣ። «ይቺ ማስወረጃ ናት። ሁለቴ ከወሰድሽ ማህፀንሽ ይደርቃል።» ሳይንስ እንግዲህ ሌላ ነው የሚለው። በውስጧ ያለው 1.5 ሚሊግራም ሌቮኖርጀስትሬል እንቁላል ቶሎ እንዳይለቀቅ ያዘገያል። እርግዝናው ቀድሞ ተፈጥሮ ከሆነ ምንም አታደርገውም። ማህፀንም አታደርቅም። ግን ሳይንስ ዶክተራችንን የት ያውቃቸውና!

ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ አለባት፤ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ ይሻላል። ዶክተር ግን ጥድፊያ አይወዱም። «እስቲ አስቢበትና ነገ ነይ» ብለው ሸኟት። እንዲህ የተሸኙ ሴቶች ሁለት ታክሲ ቀይረው ማንም የማያውቃቸው ሰፈር ሄደው ይገዛሉ። ለትራንስፖርት ዘርፉ የተደረገ ድጋፍ መሆኑ ነው።

ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ ተጠጋ። «ዶክተር፣ ፖስት ፒል።»

«አለ ወንድሜ። አንድ ይበቃሃል?»

አለቀ። አግብተሃል የለ፣ ሚስትህ ታውቃለች የለ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ድጋሚ ትውሰድ ያለውም የለ። ኤች አይ ቪን እንደማትከላከል የነገረውም የለ። ወንድ ልጅ ይህን ሁሉ ሲወለድ ይዞት ይመጣል መሰለኝ።

ከዚያ ጉሮሯቸውን የከረከራቸው ሴትዮ አሞክሳሲሊን ጠየቁ። ይህኛው ነው እንግዲህ ያለ ማዘዣ የማይሸጠው። ዶክተር እንደ ማስቲካ ቆጥረው ሰጧቸው፤ ያውም ግማሽ ስትሪፕ፣ ብሩ አልሞላላቸውምና። ምንም አልጠየቋቸውም። የዕለቱን ጥያቄ በልጅቷ ላይ ጨርሰዋል።

የምታሳዝነኝ ከማዶ ብሎክ የምትሠራው ወጣት ፋርማሲስት ናት። ሰው ሲያንሾካሽክላት እሷም ታንሾካሽካለች! «ከሆነ ስንት ሰዓት ሆነው? የቲቢ መድኃኒት የምትወስጂው አለ?» ብቻ ነው የምትጠይቀው። ውኃ በብርጭቆ ታቀርባለች። «ወር አበባሽ ከሳምንት በላይ ከዘገየ ተመርመሪ፤ ከግንኙነቱ በኋላ እስከ አምስት ቀን ድረስ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን መከላከያ፣ ሉፕ፣ ማስገባት ይቻላል» ትላለች። ተግሣጽ የላት፣ ፍርድ የላት። እንዲህ ያለ ነገር የት እንዳስተማሯት እንጃ።

የእሷ ሱቅ ወረፋ እንደማያጣ ለዶክተር ነገርኳቸው። ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁና «ዘንድሮ ሥነ ምግባር ያለው ባለሙያ ጠፋ» አሉኝ።